እንጀራ መተው አለብኝን? ስለ ቤት ምግብ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ዕድሜዬ 41 ሲሆን የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። በቅርቡ በተደረገልኝ ምርመራ ምግብ ሳልበላ የተለካው የደም ስኳሬ 114፣ የደም ግፊቴ ደግሞ 138 በ88 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ሳያዝዙልኝ አመጋገቤን አስተካክዬ ከ3 ወር በኋላ እንድመለስ ነገሩኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እንጀራ ተዪ፣ ኦትስና ቡናማ ሩዝ ብዪ፣ በወይራ ዘይት ብቻ አብስዪ ይሉኛል፤ ይህ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። አጽዋማትን እጾማለሁ። ቤት የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን ባለቤቴን፣ አማቴንና የ11 እና የ4 ዓመት ልጆቼን ጨምሮ 5 ሰዎች ነን። 5 ሊትር ዘይት 3 ሳምንት አያደርሰንም። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ከቁጥሮቹ ልጀምር። ምግብ ሳይበላ የሚለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ሲሆን ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው የስኳር በሽታ የሚባለው። የደም ግፊትም በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በሽታ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ የእርስዎ ቁጥሮች ሁለቱም ከመስመሩ በታች፣ ነገር ግን ለመስመሩ ቅርብ ናቸው፤ ሐኪምዎ የ3 ወር ጊዜ መስጠታቸውም ተገቢ ነው። ክብደትዎን አልጻፉልኝም። ትርፍ ክብደት ካለዎት ከጠቅላላ ክብደትዎ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ቀስ በቀስ መቀነስ በዚህ ደረጃ ላይ ያለን የደም ስኳር በግልጽ ያሻሽላል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገርም ያለ ልዩ ረሃብ ወደዚያ የሚወስድ ነው።

እንጀራን መተው አያስፈልግዎትም፤ ኦትስ፣ ቡናማ ሩዝና የወይራ ዘይት መግዛትም እንዲሁ። በቤትዎ ያለው ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ገብስና ጎመን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው «የጤና ምግብ» የሚያንስ አይደለም። መስተካከል ያለበት እንጀራው ከወጡ ጋር ያለው መጠን፣ ወደ ድስቱ የሚገባው ዘይትና ጨው፣ እንዲሁም ከቤት ውጭ የሚጠጣው ስኳር ነው። ደግነቱ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ያለው በእርስዎ እጅ፣ በራስዎ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ገለባው ተለይቶ አይወጣም፤ የሚፈጨው ከነሙሉ አካሉ ነው። ነጭ ጤፍም ነጭ የሆነው በዘሩ እንጂ እንደ ፉርኖ ዱቄት ተነፍቶ አይደለም። ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ነጭም ሆነ ቀይ ወይም ሰርገኛ ሙሉ እህል ነው። እርሾው ሊጡን በሚያቦካበት ጊዜ ደግሞ በእህሉ ውስጥ የሚገኘውና ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ በዚህ ረገድ ሦስት ቀን ያህል የቦካ ሊጥ በአንድ ሌሊት ተቻኩሎ ከሚጋገረው ይሻላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እንጀራ ስታርች መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ዱቄቱም በጣም የላመ በመሆኑ በብዛት ሲበላ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ባልደረቦችዎ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ከአየር የተወሰደ አይደለም፤ የመጠኑን ጉዳይ ወደ ምግቡ ዓይነት በማዞራቸው ነው የተሳሳቱት።

መጠኑን ለማወቅ የሚያስቸግረው በአንድ ትሪ አብሮ መብላታችን ነው። ጥቅሉ መሀል ይቀመጣል፣ ከየት የተነሣው እንጀራ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። አብሮ መብላቱን እንዲተዉ አልመክርም፤ ከመቀመጥዎ በፊት ግን የራስዎን ድርሻ፣ ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ፣ ጠቅልለው በፊት ለፊትዎ ያስቀምጡና በእርሱ ይጨርሱ። ከትሪው ላይ ቢያንስ ግማሹን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይያዘው፤ ከቀሪው ውስጥ የምስሩ፣ የሽሮው ወይም የአተር ክኩ ድርሻ ከእንጀራው እንዳያንስ ያድርጉ። ምግቡንም በአትክልቱና በጥራጥሬው ጀምረው ወደ እንጀራው ቢሄዱ ከምግብ በኋላ የሚታየው የስኳር መጨመር ይለዝባል።

ሌላው በአዲስ አበባ ቤቶች በጣም የተለመደው ልማድ ፍርፍርን በእንጀራ መብላት ነው። ይህ በቀጥታ ሲታይ እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው፤ ከወጡ የሚገኘው ዘይትና በርበሬ ብቻ ይሆናል። ለቁርስ ፍርፍር ከወደዱ ያለ ተጨማሪ እንጀራ፣ በሹካ ወይም በማንኪያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በርከት አድርገው ይብሉት።

እንጀራ ከሱቅ የሚገዙ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በከተማችን ለሽያጭ በሚቀርብ እንጀራ ውስጥ የሩዝ ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ሆኗል። ሩዙ የተፈተገ ነጭ ሩዝ በመሆኑ የእንጀራውን ድር (ፋይበር) እና የማዕድን መጠን ይቀንሳል፤ የደም ስኳርንም በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ዓይነቱ እንጀራ ከመጠን በላይ ይነጣል፤ ብዙ ጊዜም በማግሥቱ ደርቆ ይሰባበራል። የሚያውቁት ጋጋሪ ካለ ምን እንደሚቀላቅሉ በቀጥታ ይጠይቁ። ዋጋ ለመቀነስ መቀላቀል ግድ ከሆነ ከሩዝ ይልቅ ማሽላ ወይም ገብስ ከነገለባው ተፈጭቶ ቢገባ ይሻላል። በዚሁ አጋጣሚ ከፉርኖ ዱቄት የሚሠራው ነጭ ዳቦ፣ መኮሮኒና ፓስታ «እንጀራ ቀነስኩ» በሚል ሰበብ እንዳይተኩ አደራ እላለሁ።

ኦትስን በተመለከተ፣ በውጭ ማሸጊያ ተጠቅልሎ የሚሸጠው አጃ በእኛም ደጋ የሚበቅል እህል ነው። ስለ እርሱ የሚወራለት ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ ድር በገብስም ውስጥ በብዛት ይገኛል። ይህ ድር በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ እየወፈረ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ በቀን ወደ 3 ግራም ሲወሰድ ደግሞ ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ስለዚህ የገብስ ቅንጬ፣ የገብስ ቆሎና በሶ ለእርስዎ ሁነኛ ቁርስና መክሰስ ናቸው። በሶን ግን በስኳር መበጥበጥ ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ በውኃና በጥቂት ዘይት ተጨብጦ፣ ወይም ሳይጣፍጥ ቀጠን ተደርጎ ተበጥብጦ ይወሰድ። ቅንጬውን ማታ በፈላ ውኃ ነክረው ቢያሳድሩት ጠዋት በ10 ደቂቃ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። 5 ሊትር ዘይት በ21 ቀን ለ5 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን ወደ 48 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 44 ግራም ያህል ይደርሳል። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ ብቻውን 400 ኪሎ ካሎሪ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የ4 ዓመቱ ልጅ ከዚህ ድርሻውን እንደማይወስድ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከተባለው በላይ ነው፤ እርስዎ በምሳ ሰዓት ውጭ የሚበሉት ዘይት ደግሞ አልተቆጠረም። ግብዎ ያ 5 ሊትር 6 ሳምንት እንዲያገለግል ማድረግ ይሁን። ይህን በአንድ ቀን ማድረግ አይቻልም፤ ቤተሰቡም ያምፃል። በየሳምንቱ ከድስቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ግን ምላስ ይለምዳል። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቅር፤ ዘይት ሁልጊዜ በማንኪያ ይለካ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በተግባር ከሁሉም በላይ የሚሠራው ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ረግቶ ያገኙታል። የሱፍ፣ የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ለልብና ለደም ሥር ከእርሱ የተሻሉ ናቸው። የወይራ ዘይት ጥሩ ዘይት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በበርበሬና በሽንኩርት ውስጥ አንድ ሰዓት ለሚንተከተክ ወጥ ያንን ያህል ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ አይደለም። ለተነጠረ ቅቤም ቢሆን በፍስክ ቀን ወጡ ከወረደ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል ሲደረግበት መዓዛው ጎልቶ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ሲቁላላበት ግን መጠኑ ሳይታወቅ ይበዛል።

ዘይት ሲቀንስ ወጥ አይጣፍጥም የሚለው ስጋት ከቁሌቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ግማሽ ኪሎ የምስር ክክ ለ5 ሰው ሲሠሩ አራት ወይም አምስት ትላልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቅቀው ይከተፉና ያለ ምንም ዘይት በደረቅ ድስት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ከድነው ያቁላሉት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣል፤ ያ ሲደርቅና ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንኩርቱ ይሟሽሻል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ጣዕሙም ይጣፍጣል። የወጡን ውፍረትና ጣዕም የሚሰጠው ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ክፍል በዘይት ብዛት እናሳጥረዋለን። ከዚያ በኋላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎም በርበሬውን ጨምረው በጥቂት ውኃ እየገቱ 10 ደቂቃ ያብስሉት። ዘይቱን ፈጽሞ አያስቀሩት፤ የበርበሬው ቀለምና በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ መሠረት የሚሆነው ንጥረ ነገር በስብ ውስጥ የሚሟሙ በመሆናቸው ያለ ጥቂት ዘይት ሰውነት በሚገባ አይወስዳቸውም። ምስሩ ከገባ በኋላ እስኪበስል ድረስ ጨው አይጨመርበትም።

ጨውን የማቆየው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አዮዲን ነው፤ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ከአዮዲኑ ስለሚያጣ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢገባ ይመረጣል፤ የጨው ዕቃውም ክዳን ያለው ይሁን። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ ቀምሶ የሚጨምር ሰው ከመጀመሪያው በግምት ከሚጨምረው ያነሰ ያስገባል። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተካሄደው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ላይ ያተኮረ አገር አቀፍ ጥናት አዋቂዎች በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስዱ ያሳየ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። 5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ ዳቦው፣ በርበሬውና ውጭ የሚበላው ሁሉ ይቆጠራል። በመሆኑም ለቤትዎ ማድ ቤት በወር የሚገባው ጨው ከግማሽ ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለደም ግፊትዎ ከዚህ ጋር ፍሬ የሚያሳይ ሌላ ለውጥ ቢኖር አትክልትና ጥራጥሬን መጨመር ነው፤ በውስጣቸው ያለው ፖታስየም የጨውን ጉዳት ያለዝባልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላንሣ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ሲዘጋጁ ወፍጮ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጨው ይገባባቸዋል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ጨው ይጨመራል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዚህ ላይ የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ተደርቧል፤ ከፍተኛ ድርሻው ጨው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨውን ሙሉ በሙሉ ያስቀሩ፤ በደንብ የደረቀና በደረቅ ዕቃ የተቀመጠ በርበሬ ያለ ጨውም አይበላሽም። ማጣፈጫ ኩቡን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በበሶብላና በሎሚ ይተኩት። በተለይ ሎሚና ኮምጣጤ የጨውን ማነስ ምላስ እንዳያስተውለው ያደርጋሉ። «ሮዝ ጨው» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ግን አይግዙ፤ እርሱም ጨው ነው፤ ብዙ ጊዜም አዮዲን የለውም።

ዛላ በርበሬን ከበርበሬ ተራ ገዝቶ ለቅሞና አድርቆ ማስፈጨት ሥራ ቢኖረውም ከተፈጨው ይልቅ እመርጠዋለሁ። እርጥበት ያገኘው በርበሬ የሻገተ ከሆነ አፍላቶክሲን የተባለ፣ በማብሰል በቀላሉ የማይጠፋ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ በዛላው ላይ ሻጋታው በዓይን ይታያል፣ በዱቄቱ ላይ ግን አይታይም። ለለውዝም ይኸው ይሠራል፤ የጠቆረውንና የተሸበሸበውን ፍሬ ይጣሉ።

ጾምን በተመለከተ እምነትዎን የሚነካ ምክር አልሰጥም፤ አያስፈልግምም። በአግባቡ የተያዘ የጾም ገበታ ለደም ስኳርና ለደም ግፊት ከሚመቹ አመጋገቦች አንዱ ነው፤ ጥራጥሬው፣ አትክልቱና ሙሉ እህሉ ሁሉ በእርሱ ውስጥ አሉ። ችግሩ ያለው በጾም ስም በሚበላው ላይ ነው። ከዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች የገባበት እርጥብ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ፓስታ በስጎ ሁሉ የጾም ናቸው፤ ጤናማ ግን አይደሉም። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጾመው ከሆነ ደግሞ ረሃቡ ከበዛ በኋላ አንድ ጊዜ ብዙ እንጀራ መብላት ስኳርን በድንገት ከፍ ያደርጋል፤ በጥቂት ንፍሮ ወይም በአዚፋ ጀምሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ዋናው ምግብ መሄድ ይሻላል።

በጾም ወቅት ሁለት ንጥረ ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል። በጥራጥሬና በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ከሥጋው ይልቅ ለሰውነት አዳጋች ነው፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮት ሲበላ ግን ቫይታሚን ሲ መንገዱን ይከፍትለታል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ያግዱታል፤ ስለዚህ ቡናው ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጥራጥሬን ዘፍዝፎ ማሳደርና ማብቀልም ብረቱን ይለቅቃል፤ አሹቅና የበቀለ ባቄላ ንፍሮ በእናቶቻችን ዘንድ የተለመዱ የጾም ምግቦች ናቸው። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በዕፅዋት ውስጥ የለም፤ ሆኖም ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚሆን ክምችት ስላለው በፍስክ ወራት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ አይቸገርም። ለወደፊቱ ሐኪምዎ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ቢያዙልዎ ግን መድኃኒቱ የቢ12 መጠንን ሊቀንስ ስለሚችል ጿሚ መሆንዎን ይንገሯቸው። ጾሙ ሲፈታም በአንድ ቀን ዶሮ ወጡን፣ ክትፎውንና ጠጁን ማከታተል የሁለት ወር ልፋትን መና ባያስቀርም የደም ግፊትን ለቀናት ያውካል።

ምሳዎን ውጭ መብላቱን ብዙ አልኮንንም፤ በያይነቱ ከሚቀርቡት ሁሉ ምርጡ ነው። አስተናጋጁን ጎመንና ጥቅል ጎመን እንዲጨምር፣ እንጀራ እንዳይደግም መጠየቅ ነውር አይደለም። ይልቅ የሚጠጣው ያሳስበኛል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ ወደ 36 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም በቀን ወደ 25 ግራም እንዲሆን ይመክራል። የጁስ ቤት ስፕሪስም ከዚህ አያመልጥም፤ ፍሬው ቢበላ የሚሻል ሲሆን ከተፈጨ በኋላ ስኳር ወይም ሽሮፕ ይጨመርበታል። አቮካዶውን፣ ፓፓያውንና ብርቱካኑን ቆርጠው ይብሉ፤ ሻይዎን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱለት።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ መያዝ ከቻሉ አዚፋን አስቀድማለሁ። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚ፣ በሰናፍጭና በአንድ ማንኪያ ዘይት ተለውሶ ቀዝቃዛውን ይበላል፤ ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ ቢሮ ውስጥም እንደ ወጥ ሽታው አያስቸግርም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉንም ነገር በየዕለቱ ማብሰል የማይሆን ነው፤ ስለዚህ ከባዱ ሥራ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይዛወር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚሉትም በዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ ይዘፍዝፉ፣ እሑድ ጠዋት ውኃውን ደፍተው በፕሬሸር ይቀቅሉ፣ ቀዝቅዞ በሦስት ዕቃ ይከፈል፤ አንዱ ለማግሥቱ፣ ሁለቱ ፍሪዘር ውስጥ። ቦሎቄ ከሆነ በሚገባ ተንተክትኮ መፍላት አለበት፤ በዝግታ እሳት ሳይፈላ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ በውስጡ ያለው፣ ሆድን በኃይል የሚያውከው መርዝ አይጠፋም። ከላይ የተገለጸው ቁሌትም በብዛት ተሠርቶ በትንንሽ ዕቃ ቢቀመጥ ማታ ማታ የሚቀረው ምስሩን ወይም ሽሮውን መጨመር ብቻ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይም አይቆይ።

አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለመሀል ከተማ ነዋሪ ርካሽ አትክልት ቅርብ አይደለም። ለእርስዎ የእሑድ ገበያና የሰፈር ጉሊት ይሻላሉ፤ ጥራጥሬውን ግን በየወሩ አንድ ጊዜ መርካቶ እህል በረንዳ ወጥተው በኪሎ ቢገዙ ከሱቁ ይረክሳል። ጎመንና ቆስጣ የት እንደበቀሉ ለማወቅ ይጠይቁ፤ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር በቆሻሻ ውኃ የሚለማ ቅጠል ወደ ከተማው ይገባል። ደጋግሞ ማጠብና ማብሰል ጀርሞችን ይቀንሳል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ከባድ ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ ሻጭን መለየትና ቅጠሉን ከካሮት፣ ከዱባ፣ ከቀይ ሥርና ከፎሶሊያ ጋር እያፈራረቁ መብላት ከሁሉ የተሻለው ጥንቃቄ ነው። የሚመከረው መጠን በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲሆን ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ከመቶ 97 የሚሆነው አዋቂ እዚያ እንደማይደርስ አሳይቷል። ለእርስዎ ቤት ይህ ማለት በቀን ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ አትክልትና ፍራፍሬ ነው፤ ከዘይቱ የሚተርፈው ገንዘብ እዚህ ይዋል።

አብሽ፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ስኳር ያጠፋሉ የሚለውን ብዙ ይሰማሉ። እንደ ምግብ ጣል ቢያደርጓቸው አይጎዱም፤ በብርጭቆ እየተበጠበጡ እንደ መድኃኒት መጠጣታቸውን ግን አልደግፍም፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከሚፈለገው በታች ሊወርድበት ይችላል። ከእራት በኋላ በሰፈርዎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእግር መሄድ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ይሠራል። ከ3 ወር በኋላ ሐኪምዎ ዘንድ ሲመለሱ ከደም ስኳሩ ጋር የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለ ምርመራና የደም ቅባት ልኬት እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ለአማትዎና ለልጆቹ የተለየ ድስት መጣድ አያስፈልግም። አማትዎ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ጥራጥሬና ቅጠል በብዛት ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸው የፖታስየም መጠናቸውን ይይላቸው። ለ4 ዓመቱ ልጅ ዘይት እንደ አዋቂው አይቀነስበትም፤ ሆዱ ትንሽ በመሆኑ ጥቂት በልቶ ብዙ ኃይል ማግኘት አለበት። ከምስሩ ላይ በርበሬውና ጨው ከመግባታቸው በፊት የእርሱን ድርሻ በትንሽ ዕቃ ለይተው ይቀንሱለትና አቮካዶ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ያዋህዱበት፤ እንቁላሉንና ወተቱን ደግሞ እናቱ ስትጾም ከእርሱ አይቋረጥበት።